«ደበረኝ» አይበቃም፦ የስሜት ብልህነት ለግቢ ተማሪ፣ ደረጃ በደረጃ

ግቢ የገባ ሰው ይህቺን ማታ ያውቃታል። ውጤት ወጣ ተባለ። ዶርም ውስጥ ስድስት ልጆች አሉ። አንዱ ስልኩን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሌላው ሳቀ፣ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሦስተኛው «አንተስ ስንት አመጣህ?» እያለ ከአልጋ አልጋ ይዞራል። ፊቱን ያዞረውን ልጅ «ምን ሆንክ?» ብትሉት መልሱ አንድ ቃል ነው፤ «ደበረኝ»።

ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ግቢ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ የሚሰማኝን በሙሉ በዚህች ቃል ጠቅልዬ ኖሬአለሁ። ስናደድም ደበረኝ፣ ቤት ሲናፍቀኝም ደበረኝ፣ ሳፍርም፣ ስቀናም፣ ሲርበኝም ያው ደበረኝ። ዘግይቶ የገባኝ ነገር ይሄ ነው፦ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ካላወቅሁ ምን ላድርግ የሚለውንም አላውቅም። ናፍቆት ከሆነ ቤት መደወል ይረዳል። ቁጭት ከሆነ ቁጭ ብሎ ማጥናት። ቅያሜ ከሆነ ሰውየውን ማነጋገር። ሁሉንም «ደበረኝ» ካልነው ግን ለሁሉም የምናዝዘው መድኃኒት አንድ ይሆናል፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መተኛት ወይም ስልክ ላይ መጥፋት።

ይህን የጻፍኩት ገና ግቢ ለምትገቡ፣ ለገባችሁ፣ ልትመረቁ ትንሽ ለቀራችሁም ነው። ረዘም ይላል። በአንድ ቀን ሁሉንም አትሞክሩት። አንዱን ደረጃ ይዛችሁ ሳምንት ሥሩበት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ነገሩ ምንድን ነው?

ፈረንጆቹ ኢሞሽናል ኢንተለጀንስ የሚሉትን እኛ የስሜት ብልህነት እንበለው። ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን፣ ፒተር ሳሎቬይ እና ጆን ሜየር፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ ራሱን የቻለ የጥናት ርዕስ አደረጉት። ኋላ ላይ በአራት ከፈሉት፦ ስሜትን መለየት፣ ስሜትን ለማሰብ መጠቀም፣ ስሜት ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚያመራ መረዳት፣ ስሜትን መግራት። ጄኔራል ሳይኮሎጂን በፍሬሽነታችሁ ከወሰዳችሁ ስለ ሕይወት ክህሎት በሚያወራው ክፍል ላይ አግኝታችሁታል። እኛ ለፈተና ሸመደድነው። ትርጉሙን ጽፈን ነጥብ አገኘንበት፣ በዚያው ቀን ማታ ግን ዶርም ውስጥ በአንድ ቻርጀር ተኳረፍን።

ለውጤት ይጠቅማል ወይ? በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከ42,000 በላይ ተማሪዎች የተሳተፉባቸውን የቀደሙ ጥናቶች ሰብስቦ ፈትሿል። የስሜት ብልህነታቸው ከፍ ያለ ተማሪዎች በአማካይ የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ዝምድናው ግዙፍ አይደለም፣ የማሰብ ችሎታና ትጋት ይቀድሙታል፣ እሱ በሦስተኛነት ይከተላል። እኔ ግን ከግሬዱ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ከባቻችን ትምህርቱን አቋርጠው ከሄዱት ልጆች ውስጥ ትምህርቱ ያቃታቸው ጥቂቶች ነበሩ። ሌሎቹን የመለሳቸው ብቸኝነት፣ ጸብ፣ የመጀመሪያው ሴሚስተር ድንጋጤ፣ ለማንም ያልተነገረ እፍረት ነው። እንዲህ ያለውን ስሜት መያዝ ደግሞ የሚማሩት ነገር ነው፣ እኛን ግን ቁጭ አድርጎ ያስተማረን ሰው አልነበረም።

ደረጃ 1፦ ለተሰማችሁ ነገር ትክክለኛውን ቃል ፈልጉለት

ከሁሉም በላይ የምቆምበት እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ከዚህ ይነሳል። አማርኛ በስሜት ቃል ሀብታም ነው፣ የምንጠቀመው ግን ሦስት አራቱን ብቻ ነው።

እስቲ አስቡት። «ቅር አለኝ» እና «ከፋኝ» አንድ አይደሉም። ቅር ሲለኝ የጠበቅሁት ትንሽ ነገር ቀርቶብኛል። ሲከፋኝ ግን ውስጤ ተነክቷል። «ሆድ ባሰኝ» ስንል እንባው ጉሮሮ ላይ ደርሷል፣ ብዙ ጊዜም «የሚያስብልኝ ሰው የለም» የሚል ነገር አብሮት አለ። «ተቀየምኩ» ካልኩ የተቀየምኩት አንድ ሰው አለ፣ ስለዚህ ያ ሰው ሳይሰማኝ ነገሩ አይፈታም። «ቁጭት» ውስጥ ያለሁት ራሴ ነኝ፤ ማድረግ እየቻልኩ የተውኩት ነገር ነው። «እልህ» ጉልበት አለው፣ ላይብረሪ ሊያስገባም ሰው ሊያስደበድብም ይችላል። «ስጋት» ገና ያልመጣ ነገር ነው፣ «ድንጋጤ» ደግሞ መጥቶ የቆመ። «ባይተዋርነት» በሰው መሐል ሆኖ ብቻ መሆን ነው። ከቤቱ 600 ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ቋንቋውን በደንብ የማይችልበት ከተማ የተመደበ ፍሬሽ ተማሪ ምን እንደሚሰማው ከዚህ ቃል የተሻለ የሚናገር አላገኘሁም።

ስም መስጠት ብቻውን ምን ይፈይዳል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት። በ2007 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ማቲው ሊበርማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ፣ ሰዎች የተቆጣና የፈራ ፊት ፎቶ እያዩ አንጎላቸውን በማሽን ተከታተሉ። ሰዎቹ ፊቱ ላይ ላዩት ስሜት ስም ሲመርጡለት፣ አደጋ ሲመጣ የሚነቃው አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል ረገብ አለ። ስም የተሰጠው ስሜት ትንሽም ቢሆን ልጓም ገባለት ማለት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ የምትጽፉበትን ሴቭድ ሜሴጅስ ክፈቱ። ለሰባት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ፦ ጠዋት ክላስ ከመግባታችሁ በፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ ከመተኛታችሁ በፊት። አንድ መስመር ይበቃል። ስሜቱና ምክንያቱ። «ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ። አፈርኩ። ቲቸር ጠይቆኝ ክላሱ ፊት መልስ አጣሁ።» «ማክሰኞ፣ ማታ። ቀናሁ። የዶርሜ ልጅ ቤተሰቡ ብር ላኩለት፣ እኔ መደወል እንኳ ፈራሁ።» ክልክሉ አንድ ነው፤ «ደበረኝ» ብሎ መጻፍ። አፋችሁን የፈታችሁት በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሲዳምኛ ወይም በሶማልኛ ከሆነ በዚያው ጻፉት። ስሜት መጀመሪያ በተማርነው ቋንቋ ሲነገር ጠለቅ ይላል።

ሰባተኛው ቀን ላይ ከላይ ጀምራችሁ አንብቡት። እኔ ሳነብ ያየሁት አስደንግጦኛል። ንዴት ይመስለኝ የነበረው አብዛኛው እፍረት ነበር።

ደረጃ 2፦ ሰውን ከመውቀሳችሁ በፊት ሰውነታችሁን ጠይቁ

ይሄኛው አጭር ነው። የሆነ ሰው ሲያናድዳችሁ ሁለት ጥያቄ አንሱ። ትናንት ስንት ሰዓት ተኛሁ? መጨረሻ የበላሁት መቼ ነው? የፋይናል ሰሞን ሌሊቱን ሙሉ ያነበበ ሰው ጠዋት ካፌ ሰልፍ ላይ ለሚገፋው ልጅ የሚሰጠው መልስ የራሱ ጠባይ አይደለም፣ የእንቅልፍ ማጣቱ ነው። ጾም ላይ ያላችሁም እንዲሁ። በሁዳዴም ሆነ በረመዳን ከሰዓት በኋላ ጉልበት ሲወርድ ትዕግሥትም አብሮ ይወርዳል፣ ስለዚህ ከባድ ንግግርና የግሩፕ ክርክር ያን ሰዓት ላይ አታድርጉ። ሴቶች ወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ያሉትን ቀናት ማስታወሻው ላይ ምልክት ብታደርጉ ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል።

ደረጃ 3፦ በንዴቱና በአፋችሁ መሐል ጊዜ አስገቡ

ሁለተኛ ዓመት ላይ አንድ ሚድ ከ30 ዘጠኝ አገኘሁ። አጥንቼ ነበር። ወረቀቱን እንደያዝኩ እየበረርኩ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። በር ላይ ሌሎች ተማሪዎች ቆመዋል። «ወረቀቴን አላነበብከውም» አልኩት። በ«እርስዎ» ፋንታ በ«አንተ»፣ ያውም ጮክ ብዬ። መልስ አልሰጠኝም፣ በሩን ዘጋው።

የሚያሳዝነው እውነቴን ነበር። አንድ ገጽ ሳይታረም ታልፏል፣ ስድስት ነጥብ ነበረው። በእርጋታ ብናገር በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ ጉዳይ ሦስት ሳምንት ፈጀ። የክፍል ተጠሪያችን ገብቶ ለምኖልኝ፣ እኔም ይቅርታ ጠይቄ ነው የተስተካከለው። አባቶች «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ያሉት ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ የምከተላቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፣ ይሠራሉ።

መጀመሪያ ቦታ መልቀቅ። «ቆይ፣ መጣሁ» ብሎ መውጣት ነውር የለውም። ግቢውን አንድ ዙር መዞር፣ ፊት በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ። አየር ስትስቡ በልባችሁ እስከ አራት ቁጠሩ፣ ስታስወጡ እስከ ስምንት። የሚወጣው ትንፋሽ ሲረዝም የልብ ምት ይቀንሳል። አሥር ጊዜ ያህል አድርጉት፣ ሁለት ደቂቃ ነው።

ቀጥሎ መልእክቱን መጻፍ፣ ግን አለመላክ። ያለውን ንዴት ሁሉ ሴቭድ ሜሴጅስ ላይ አፍስሱት። ጠዋት ስታነቡት ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ትክክል ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሚላከው እሱ ነው። ማታ ከአራት ሰዓት በኋላ ለተናደድኩበት ሰው ጽሑፍ አልልክም፣ ለማንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። መግራት ማለት ማፈን አይደለም። እኛ አገር ብዙዎቻችን የተማርነው «ሆድ ይፍጀው» ነው። ዝም በል፣ ዋጠው፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም፣ ሴት ልጅ አፏን አትከፍትም። የስታንፎርዱ ጄምስ ግሮስ ለብዙ ዓመታት ያጠናው ይህንኑ ነው። ስሜቱን ፊቱ ላይ እንዳይታይ የሚያፍን ሰው ውስጡ አይረጋም፣ ሰውነቱ እንደተወጠረ ይቀጥላል። ከዚህም በላይ በዚያ ሰዓት የሰማውንና ያየውን በደንብ አያስታውስም፣ ምክንያቱም ትኩረቱ ራሱን በመጠበቅ ላይ ውሏል። ክላስ ውስጥ አኩርፎ፣ ግን ምንም እንዳልሆነ መስሎ የተቀመጠ ተማሪ ሌክቸሩ ለምን እንዳልገባው ይሄ ይነግረናል።

የተሻለው መንገድ ነገሩን ሌላ አቅጣጫ ሄዶ ማየት ነው። ጓደኛችሁ መንገድ ላይ ሰላም ሳይላችሁ አለፈ። እኛ ዘንድ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ሰው በሰላምታ ይቀየማል። ቁጣው ከመምጣቱ በፊት «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብላችሁ ሦስት ምክንያት ጻፉ። አላየኝም። ከቤት መጥፎ ነገር ሰምቷል። እኔ ራሴ ባለፈው የተናገርኩት ነገር ነክቶታል። የትኛው እውነት እንደሆነ አታውቁም፣ ግን አሁን መፍረድ ትታችሁ ልትጠይቁት ትችላላችሁ።

ደረጃ 4፦ ፈተና ላይ ፍርሃትን ሥራ ስጡት

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና መጥቷል። ለመመረቅ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ነው። ዓመታት የለፋችሁበት ነገር በአንድ ፈተና ላይ ሲንጠለጠል እጅ ቢንቀጠቀጥ፣ ሆድ ቢላወስ አይገርምም። ፍርሃቱን ማጥፋት አይቻልም፣ ደግሞም አያስፈልግም።

ሁለት ነገር ሞክሩ። የመጀመሪያው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ካሳተሙት ጥናት የመጣ ነው። ፈተና ሊጀመር ሲል ለ10 ደቂቃ ያህል ስለ ፈተናው የሚያስፈራቸውን እንዲጽፉ የተደረጉ፣ በተለይ ፈተና የሚያስጨንቃቸው ተማሪዎች፣ ካልጻፉት የተሻለ ሠርተዋል። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ስጋቱ ወረቀት ላይ ሲወርድ አእምሮ ውስጥ የያዘውን ቦታ ይለቃል። ከፈተናው በፊት በር ላይ ተሰብስባችሁ «ይቺን አንብበሃል? ቻፕተር ስድስትን ነክተሃል?» ከመባባል፣ ራቅ ብላችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። «ብወድቅ አባቴን ምን እለዋለሁ?» ከሆነ የሚያስፈራችሁ፣ እሱኑ ጻፉት። ከዚያ ወረቀቱን ቅደዱትና ግቡ።

ሁለተኛው ለፕሬዘንቴሽን ነው። ሰው ፊት ልትቆሙ ስትሉ ልብ ሲመታ «ተረጋጋ፣ ተረጋጋ» ማለት ብዙም አይሠራም፣ ሰውነት በአንዴ አይበርድም። የሃርቫርዷ አሊሰን ውድ ብሩክስ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት፣ ንግግር ሊያደርጉ ሲሉ ለራሳቸው «ጓጉቻለሁ» ያሉ ሰዎች «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። ፍርሃትም ጉጉትም ልብን የሚያስመቱት አንድ ዓይነት ነው። ስሙን ስትቀይሩለት መንገዱን ይቀይራል። ይሄም ያው ወደ ደረጃ 1 ይመልሰናል።

ውጤት ከወጣ በኋላስ? የመጀመሪያውን ቀን ምንም አትወስኑ። ዊዝድሮው (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) አትሙሉ፣ ዲፓርትመንት እቀይራለሁ አትበሉ፣ ቤት ደውላችሁ «በቃኝ» አትበሉ። ሁለተኛው ቀን ላይ ወረቀታችሁን ጠይቃችሁ እዩ። የት ላይ ነጥብ እንደሄደ ስታውቁ «ደደብ ነኝ» የሚለው ነገር «ይቺን ክፍል አላውቃትም» ወደሚል ይወርዳል። ሁለተኛው በጥናት የሚፈታ ነው።

ደረጃ 5፦ የዶርም ጓደኛችሁን ማንበብ ተማሩ

ተደራራቢ አልጋ፣ አንድ ሶኬት፣ አንድ መስኮት፣ ስድስት ሰው፣ ምናልባትም አራት ቋንቋ። ሰውን ለመረዳት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት የለም።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ፍሬሽ እያለን አንድ የዶርማችን ልጅ «ውሃ አምጣ» ነበር የሚለኝ። «እባክህ» የለ፣ «ታመጣልኛለህ ወይ» የለ። ለሁለት ወር ያህል የናቀኝ መስሎኝ ውስጤ ሻከረበት። አንድ ቀን ከእናቱ ጋር በራሱ ቋንቋ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ድምፁ እንደ ማር ነው። ያኔ ነው የገባኝ። አማርኛን የተማረው ከመጽሐፍና ከገበያ ነው፣ የሚያውቀው የትእዛዙን መልክ ብቻ ነበር። ማለስለሻውን ማን ያስተምረው? አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ተማሪ ሴቷን «አንተ» ሊላት፣ ትልቁን ሰው ሳያከብር ሊያናግር ይችላል። ያ የሰዋስው ስህተት ነው፣ ንቀት አይደለም። እኛስ የእሱን ቋንቋ ብንሞክር ስንት ሰው እናስቀይማለን?

ስለዚህ ሰውን ስታነቡ ቃሉን ብቻ አትያዙ። የተለመደውን አስተውሉ፣ ከዚያ ለውጡን እዩ። ሁልጊዜ የሚቀልድ ልጅ ሦስት ቀን ዝም ካለ፣ ካፌ አብራችሁ የምትሄዱት ልጅ «እናንተ ሂዱ፣ አልራበኝም» ማለት ካበዛች፣ ስልክ ሲጠራ ወጥታ ማውራት ከጀመረች የሆነ ነገር አለ። ምን እንደሆነ ግን አትገምቱ፣ ጠይቁ። አጠያየቁም ወሳኝ ነው። ስድስት ሰው ባለበት ዶርም «ምን ሆነሻል?» ብትባል «ምንም» ነው የምትለው፣ ይሉኝታ አለ። ላውንጅ ሻይ ልትጠጡ ስትወጡ፣ ጎን ለጎን እየሄዳችሁ «ሰሞኑን ዝም ብለሻል፣ አስቤሽ ነው» በሏት። ጎን ለጎን ሲሄዱ ማውራት ፊት ለፊት ተያይቶ ከማውራት ይቀልላል።

ማውራት ከጀመረችም አታቋርጧት። «እኔም እኮ አንድ ጊዜ…» ብላችሁ የራሳችሁን ታሪክ አትጀምሩ። «አይዞሽ፣ ያልፋል» ቶሎ ከመጣም በር ይዘጋል። የሰማችሁትን መልሳችሁ በራሳችሁ ቃል ንገሯት፤ «ማለት ቤት ያለው ችግር አስጨንቆሽ ማንበብ አልቻልሽም?» ትክክል ከሆነ «አዎ!» ትላለች፣ ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል።

ደረጃ 6፦ ከማኩረፍ መናገር

ኩርፊያን እናውቀዋለን። ዝም ማለት፣ ሳህን ማጋጨት፣ በር በኃይል መዝጋት። ያኮረፈው ሰው ሁሉን ነገር የተናገረ ይመስለዋል፣ ያኛው ግን ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ሴሚስተር ሙሉ ሳይነጋገሩ በአንድ አልጋ ላይና ታች የተኙ ልጆች አውቃለሁ። ምክንያቱ አንድ ጥንድ ስሊፐር ነበር።

አነጋገሩ ሦስት ነገር ይኑረው። የሆነው ነገር፣ እኔ ላይ ያመጣው፣ የምፈልገው። «አንተ ሁሌም ለሰው አታስብም» ካላችሁት ይከላከላል፣ ልክ ነው፣ ማንም ይከላከላል። እንዲህ ብትሉትስ፦ «ትናንትና ከትናንት ወዲያ መብራቱ እስከ ስምንት ሰዓት በርቶ ነበር። እኔ መተኛት አቅቶኝ ጠዋት ክላስ አመለጠኝ። ከስድስት ሰዓት በኋላ የስልክህን ባትሪ ብትጠቀም ወይም ስፔስ (ማንበቢያ ክፍል) ብትሄድ ደስ ይለኛል፣ አንተስ ምን ይመችሃል?» መጨረሻ ላይ ያለችው ጥያቄ አትቅር። እሱም የሚያነበው ከእናንተ ጋር ለመጣላት አይደለም።

የግሩፕ አሳይመንት ሌላው የጸብ ምንጭ ነው። «ስሜን ጨምሩልኝ» የሚል አይጠፋም። አብዛኞቻችን በይሉኝታ እንጨምራለን፣ ከዚያ በሐሜት እንበላዋለን። ሥራው ሳይጀመር በመጀመሪያው ቀን ማን ምን እንደሚሠራና መቼ እንደሚያደርስ በግሩፑ ቻት ላይ ጻፉት። ያላደረሰውን ለብቻው አናግሩት፣ ምክንያቱን ስሙ። ላፕቶፕ ስለሌለው ያፈረ ልጅ ሊሆን ይችላል፣ እኛ ግሩፕ ውስጥ እንደዚያ ሆኖ ነበር። ምክንያት ከሌለውና ካልሠራ ደግሞ ስሙ አይገባም። እሱንም አስቀድማችሁ በፊቱ ንገሩት፣ ከጀርባው አይሁን።

ነገሩ በሁለታችሁ ካልተፈታ አስታራቂ አስገቡ። እኛ ሽምግልና ያለን ሰዎች ነን። ሁለታችሁም የምታከብሩት ሲኒየር ፈልጉ፣ ቡና ወይም ሻይ ይኑር፣ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥ።

ደረጃ 7፦ ወሬ ሲግለበለብ ብቻችሁን ቁሙ

ይሄን የምጽፈው በክብደት ነው። በ2012 ዓ.ም. በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ግጭት ተነስቶ ተማሪዎች ሞተዋል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርታቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ጊዜ የሚቀጣጠለው በወሬ ነው። «እዚያኛው ብሎክ የእኛን ልጅ መቱት» የሚል አንድ መልእክት ቴሌግራም ላይ ይወጣል። ማን እንዳየ፣ መቼ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ፍርሃት ከሰው ወደ ሰው እንደ ጉንፋን ይተላለፋል። ንዴትም እንዲሁ። በሰው መሐል ስትሆኑ ደግሞ የእናንተ የራሳችሁ ይመስላችኋል።

እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሳችሁ አታስተላልፉት። «ያየው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ስልኩን አስቀምጣችሁ የሚሰማችሁን ስም ስጡት። ፈርቻለሁ? ተናድጃለሁ? ወይስ ከእኛ ልጆች ተለይቼ እንዳልታይ ሰግቻለሁ? የመጨረሻው ከሁሉም ብዙ ሰው የሚነዳው ነው፣ ማንም ግን አይናገረውም። ከዚያ ከሌላኛው ወገን የሆነ የዶርም ጓደኛችሁን ፊቱን እዩት። እሱም ፈርቷል። «አይዞህ፣ አብረን ነን» በሉት። እንዲህ ተባብለው በአንድ ዶርም በር ዘግተው ያደሩ ልጆች አሉ፣ እስከ ዛሬም ጓደኛሞች ናቸው።

ደረጃ 8፦ የብልህነትን ድንበር እወቁ

የስሜት ብልህነት ሁሉን መቻል አይደለም። አንድ ሰው እያስፈራራሽ፣ እየነካካሽ፣ ውጤትን መያዣ አድርጎ ሌላ ነገር እየጠየቀሽ ከሆነ «ስሜቴን ልግራው» የሚባል ነገር የለም። ያ ወንጀል ነው። መልእክቱን አስቀምጪ፣ ቀኑን ጻፊ፣ የምታምኚውን ሰው ይዘሽ የግቢውን የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አናግሪ። እዚያ ካልሰሙሽ ወደ ፖሊስ መሄድ ትችያለሽ።

ሌላው ድንበር ሕመም ነው። ኀዘንና ጭንቀት ሁሉም ሰው ጋ ይመጣል፣ ይሄዳልም። ሁለት ሳምንት አልፎ እንቅልፍ ከጠፋ ወይም ከአልጋ መነሳት ካቃተ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ይወዱት የነበረ ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣ፣ በተለይ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ማስታወሻ መጻፍና አየር መሳብ አይበቃም። የግቢው ክሊኒክና የምክር አገልግሎት የተቋቋሙት ለዚህ ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፣ በክልል ደግሞ እንደ ጅማና ጎንደር ያሉ ሪፈራል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ጠበልም ዱዓም የሚሄድ ሰው ሕክምናውን አብሮ ሊከታተል ይችላል፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ይሄ የደረሰበት ጓደኛችሁ ከሆነ «ሂድ ታከም» ብላችሁ አትተዉት። የመጀመሪያው ቀን በር ማንኳኳት ከሁሉም ይከብዳል፣ ሰው ያየኛል የሚል እፍረት አለ። ክላስ የሌላችሁን ሰዓት መርጣችሁ «ልሸኝህ፣ ውጭ እጠብቅሃለሁ» በሉት፣ እና እስኪወጣ ድረስ ጠብቁት።